ልጓሙ የቀረ አበባ

በቸርችል ጎዳና አበባ የሚገዛ ሰው መልኩን አይቶ ዋጋውን ይጠይቃል፤ በትውልድ አገሩ ምን ይገታው እንደ ነበረ ግን አይጠይቅም። እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወደ ሌላው ዓለም የተወሰደው ስለ አበባው ውበት ነው። በዚያ ቅጠሉን እየበላ የሚገታው ነቀዝ አለ፤ ሰዎች አበባውን ሲወስዱ ይህን ልጓም በዚያው ተዉት።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ ከታየ ወዲህ የደምቢያ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ በእጁ እየነቀለ ደክሟል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በደለኛው ማን ነው? አረሙ ነውን? እርሱስ ጠባዩን አልለወጠም፤ በአማዞን እንደሚያድግ በጣናም አደገ። በደሉ ሳይመረምር ባሻገረው ሰው ላይ ነው። ባለማወቅ ነው የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን መጠየቅ ሲችል ያልጠየቀ ሰው ባለማወቁ ብቻ ነጻ አይወጣም። ዕዳውን የሚከፍለው አምጡልኝ ያላለው ገበሬ ነው፤ ነቅሎ ቢጨርሰው እንኳ ዘሩ በጭቃው ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ እንደገና ይበቅላል።