ንቦቹ ያላወጡት ቃጫ

አንድ ንብ አናቢ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀፎ ሲሠሩ የኖሩ። ሸምበቆ ፈልጠው ይጎነጉናሉ፤ እበትና ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ለውሰው ይለስናሉ። ሲደርቅ ውስጡን በወይራ ጭስ አጥነው ዋርካ ላይ ይሰቅሉታል። ለንቦቹ መግቢያ የሚተዉት ቀዳዳ ከትንሽ ጣት አይሰፋም።

የእርሳቸው ቀፎ አንድ ጉድለት ነበረው። ክረምት ላይ ልስኑ እየተሰነጠቀ ዝናብ ያስገባል። ልጃቸው ብልህ ነበርና መላ አገኘ፤ በጭዱ ፈንታ ቃጫ ከጭቃው ጋር ለወሰ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በቀላሉ የማይበጠስ ቃጫ። እውነትም ቀፎው ጠነከረ። ከዛፍ ቢወድቅ አይፈርስም፤ ልስኑ ስስ ስለሆነም ሲያነሡት ይቀላል። የመንደሩ ሰው እየመጣ አየና ተደነቀ። በዓመቱ የዚያ አገር ዛፍ ሁሉ የቃጫ ቀፎ ተሰቀለበት።

በመጀመሪያው ጥቅምት ማሩ ሙሉ ነበር። በሁለተኛው ትንሽ ጎደለ፤ ሰዉ «አበባው ነው» አለ። በሦስተኛው ንቦቹ ቁጡ ሆኑ፤ እረኛ እንኳ ባጠገባቸው ማለፍ ፈራ።

አባት ቀፎ ሥር መቀመጥ ያውቁበታል። አንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ የቀዳዳውን አፍ ሲመለከቱ ዋሉ። ንብ ቤቷን ታጸዳለች፤ የሞተች እኅቷን፣ የሰም ፍርፋሪውን፣ የወደቀውን ጭድ በአፏ ይዛ ወጥታ ርቃ ትጥላለች። የዚያን ቀን ግን አንዲት ንብ የቃጫ ጫፍ ይዛ ብቅ አለች። ጎተተች፤ አላልቅ አላት። ትታው ተመለሰች። ሌላዋ መጣች፤ ሁለት ሆኑ፣ አሥር ሆኑ። አንዷ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ ትስበዋለች፤ ሌላው ጫፍ ውስጥ ከእንጀራው ጋር ተጠላልፏል። አመሻሹ ላይ እርስ በርሳቸው መናደፍ ጀመሩ።

ልጁን ጠርተው ቀፎውን አስከፈቱት። የማር እንጀራ መሆን ከነበረበት ቦታ ሲሶው ጠጣር ጥቁር እብጠት ሆኗል። ንብ ማውጣት ያቃታትን ነገር በሙጫ ትለብጠዋለች፤ አይጥ ገብቶ ቢሞትባት እንኳ እንዲሁ ታሽገዋለች። እነዚህም ያልወጣላቸውን ቃጫ ሙጫ እየቀቡ፣ በሙጫው ላይ ሌላ ሙጫ እየደረቡ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው አጥብበውታል።

«አባባ፣ ቃጫው እኮ መርዝ የለውም» አለ ልጁ። «አኝኬ አይቼዋለሁ።»

«መርዝማ የለውም ልጄ። ልስኑ የያዘውም ቢሆን አልጎዳቸውም። የረገፈው ነው። ጭዱም ይረግፍ ነበር፤ ጭዱን ግን አንዲት ንብ ትችለዋለች።»

ልጁ አዝኖ ሁሉንም ላቃጥል አለ። «ተው» አሉት። «ንብ በምትችለው ልክ ቁረጠው። ውስጡን በደቃቅ ጭቃ ደርበህ ለስነው፣ እንዳይረግፍ። ለጎረቤት ከማደልህ በፊት ደግሞ አንዱን ብቻ ሰቅለህ ሦስት ዓመት ሥሩ ተቀመጥ።»

ይህን ያወራሁት ስለ ሳንባ ነው። ቃጫው የካርቦን ናኖቲዩብ ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ የዓለምን ዓይን የሳበ፣ ከሰው ፀጉር በሺህ እጅና ከዚያም በላይ የሚቀጥን ጠንካራ ቱቦ ነው፤ ዛሬ በባትሪና በፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። ንቦቹ ደግሞ በሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች የሚኖሩት ማክሮፌጅ የሚባሉ ህዋሳት ናቸው። ወደ ውስጥ የገባውን ብናኝ ውጠው ወደ ጉሮሮ አቅጣጫ ይዘውት ይወጣሉ። ከ15 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ የረዘመ ግትር ክር ሲያጋጥማቸው ግን ጠቅልለው መዋጥ ያቅታቸዋል። ሊፈጩበት ያዘጋጁት ኬሚካል በዙሪያቸው ወዳለው ሥጋ ይፈስሳል፤ ሥጋው ይቆስላል፣ ቁስሉ ይጠጥራል፣ ለትንፋሽ የነበረው ቦታ ጠባሳ ይሆናል።

በ2008 ኬን ዶናልድሰንና ባልደረቦቹ ከኤዲንብራ ያወጡት ጥናት የአባትየውን ቃል ያስታውሰኛል። በአይጦች ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲጨመሩ ረጃጅሞቹ ቱቦዎች አስቤስቶስ እንደሚባለው ጎጂ የማዕድን ክር የሆድ ዕቃውን ሽፋን አስቆጡት፤ አጫጭሮቹና የተድበለበሉት ያን አላደረጉም። በ2014 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንዱን ዓይነት ብቻ፣ ኤምደብልዩሲኤንቲ-7 የሚባለውን፣ በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ጋር መደበው፤ የሌሎቹን ማስረጃ በቂ አይደለም ብሎ አለፈው። በሠራተኞች ላይ የተረጋገጠ ካንሰር የለም። ይህ ግን እኔን አያሳርፈኝም፤ የመጀመሪያው ጥቅምት ማርም ሙሉ ነበርና። በእንግሊዝ ሮችዴል የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረችው ኔሊ ከርሾው ሳንባዋ በአቧራው ጠጥሮ የሞተችው በ1924 ነው፤ አገሯ አስቤስቶስን ፈጽማ የከለከለችው በ1999።

በአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም በ2013 የመከረው ገደብ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ግራም ሚሊዮን ቦታ ተከፍሎ አንዷ። ከዚያ በታች ያልወረደው መለኪያ መሣሪያው በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያነበው የሚችለው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው። ተቋሙ ራሱ ከዚያ በታችም ስጋት እንደሚቀር አልደበቀም። ስለዚህ በፕላስቲክ ውስጥ ታስሮ የተሸጠውን ዕቃ ከያዘው ሰው ይልቅ ደረቁን ዱቄት ከከረጢት የሚገለብጠው፣ ጠንካራውን ሰሌዳ በመጋዝ የሚቆርጠው ሠራተኛ ያሳስበኛል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ፈረቃው ሲያልቅ ወለሉን እንዲያጸዳ የሚታዘዘው። እርጥብ ጨርቅ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ማሽን፣ ለፊቱ በልኩ የሆነ መተንፈሻ ጭምብል ይሰጠው። ደረቅ መጥረጊያ ማንም አያስይዘው።