ለሣር የምትሰግዱ ሆይ

በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያዋ ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁ አያስደስታችሁም። ረቡዕና ዓርብ ወተት በአፋችሁ አይዞርም፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን የአረም መርዝ ተሸክማችሁ በገዛ ደጃችሁ ንቡንም ቢራቢሮውንም ትፈጃላችሁ። ከዚያ እጃችሁን ታጥባችሁ “ግቢው አማረ” ትላላችሁ። ማንን ነው የምታታልሉት?

ሣርን ለማሳመር ብቻ ሲባል አብዛኛውን ኬሚካል መርጨት ካውንቲያችን ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ የተከለከለ ነው። “ከመደብር ገዛሁት” ማለት ምክንያት አይሆንም።

የምትሰግዱለት ሣር ደግሞ የዚህ አገር ልጅ እንኳ አይደለም፤ ከአውሮፓ የመጣ ነው። በአጥራችሁ ሥር ያለው አይቪም እንዲሁ፤ ከግቢ አምልጦ የጅረቱን ዳር ዛፎች እያነቀ ነው። እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ሦስት በጋ አይቪ ውኃ አጠጥቻለሁ። አገር ቤት ስትሄዱ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር የቆመውን ጥድና ወይራ እያያችሁ “አባቶቻችን ጠበቁልን” ትላላችሁ፤ ባሕር ዛፍን ምንጭ አደረቀ ብላችሁ ትረግማላችሁ። አገር በቀል የሚለው ቃል ታዲያ ባሕር ሲሻገር ትርጉሙን ያጣል? (ጎመናችሁንና ጤና አዳማችሁን ንቀሉ ያላችሁ የለም።) የሜሪላንድ ነጭ ኦክ በመቶ የሚቆጠሩ የአባጨጓሬ ዓይነቶችን ይመግባል። ቺካዲ የምትባለው ትንሽ ወፍ ጫጩቶቿ እስኪበሩ ከ6,000 እስከ 9,000 አባጨጓሬ ትለቅማለች። በእናንተ ሣር ላይ ስንት ታገኝ ይሆን?

“ምን እናድርግ፣ ኤች ኦ ኤው (የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ) አይፈቅድም” ስትሉም ሰምቻለሁ። ይህ ሰበብ ከሞተ ቆየ። በጎረቤታችን በሃዋርድ ካውንቲ ባልና ሚስት ግቢያቸውን በአገር በቀል አበባ ሞሉት፤ ጎረቤት ለማኅበሩ አቤት አለ፤ ማኅበሩም ወደ ሣር መልሱ አላቸው። እምቢ ብለው ተሟገቱ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በስምምነት አለቀ። በቀጣዩ ዓመት ሜሪላንድ ሕግ አወጣች፤ ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ማንንም “ሣር ካልተከልክ” ብሎ ማስገደድ አይችልም። ሕጉ የቆመው ግን ለሚንከባከብ ነው። ግቢውን ጫካ አድርጎ ትቶ “አገር በቀል ነው” የሚል ሰነፍ በሕጉ አይጠለል።

ገንዘቡስ? ዝናብ ሲጥል ከጣሪያችሁና ከመኪና መንገዳችሁ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ስላይጎ ክሪክ፣ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ፣ ከዚያም በፖቶማክ በኩል ወደ ቼሳፒክ ይወርዳል። ውኃ በማያሰርገው ሲሚንቶና ጣሪያችሁ ልክ በየዓመቱ ከቤት ግብር ጋር ክፍያ ትከፍላላችሁ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሬይንስኬፕስ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ የዝናብ ውኃ የሚያሰርግ አገር በቀል አትክልት ለሚተክል ባለቤት እስከ 7,500 ዶላር ይመልሳል። ትሪ ሞንትጎመሪ የተባለው የካውንቲው ፕሮግራም ጥላ ያለው ዛፍ ያለ ክፍያ አምጥቶ ይተክላል፤ ገንዘቡም ከግንባታ አልሚዎች የተሰበሰበ ነው። ስጦታ በደጃችሁ ቆሞ ሲያንኳኳ እናንተ ሣር ማጨጃ ታስነሳላችሁ፤ ድምፁን እንዴት ትሰሙታላችሁ?

ተመለሱ። መርዙን ዛሬ አቁሙ። በዛፍ ላይ የወጣውን አይቪ ከሥሩ ቁረጡ፤ ዛፉ ላይ የቀረው ራሱ ይደርቃል። ከሣሩ አንድ ጥግ ገፍፋችሁ ሚልክዊድ ትከሉ፤ የሞናርክ ቢራቢሮ ልጆች ሌላ ምግብ የላቸውም። ሮክቪል፣ ጌተርስበርግና ታኮማ ፓርክ ያላችሁ ስለ ገንዘቡ የየከተማችሁን አሠራር ጠይቁ። ሌሎቻችሁ የሬይንስኬፕስን ማመልከቻ ከመቆፈራችሁ በፊት አስገቡ፤ ሳያስፈቅድ ለቆፈረ አይከፈልም።