የሺህ አበባ ዶቃና የማስመሰል ጥያቄ

አንድ ነገር ሌላውን ስለመሰለ ብቻ ዋሸ ይባላል ወይ? ጥያቄው የቆየ ነው። እኔን ወደዚህ ጣጣ የመለሰኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን ዶቃ ነው።

ጣልያኖች «ሚሌፊዮሪ» ይሉታል፤ ሺህ አበባ ማለታቸው ነው። የጥንት ሮማውያን ያውቁት የነበረ የመስታወት ጥበብ ሲሆን፣ ስሙ የገነነው ግን በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት ነው። የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የመስታወት እቶኖችን ከከተማው አስወጥቶ ወደዚያች ደሴት አዛወረ፤ ባለሙያውም ጥበቡን ይዞ ወደ ሌላ አገር እንዳይኮበልል በሕግ ታገደ። ዛሬ ያ ሁሉ ምስጢር የኩሽና ጠረጴዛ ላይ ወርዷል። ፖሊመር ክሌይ የሚባለው ነገር በስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ መሠረቱ ፕላስቲክ ነው፤ ያው የውሃ ቧንቧ የሚሠራበት ፒ.ቪ.ሲ. ከማለስለሻ ጋር ተለውሶ ማለት ነው።

ሠሪዋ ቀለም በቀለም ለይታ እንደ ሊጥ ታሸዋለች። ቢጫውን እንደ ጧፍ ታድቦለቡልና እምብርት ታደርገዋለች፤ ዙሪያውን ቀያይ ዘንጎች ትደረድራለች፤ ሁሉንም በስሱ በተዳመጠ ነጭ ትጠቀልላለች። ከዚያ ጥቅሉን ከወገቡ ጀምራ እየጨመቀች ወደ ሁለቱም ጫፍ ትስበዋለች። የሚገርመው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅሉ እየቀጠነ በረዘመ ቁጥር በውስጡ ያለው አበባ መልኩን ሳይለቅ ያንሳል። የቡና ስኒ አፍ ያህል የነበረው ምስር ያህላል፤ አንድ ቅጠል እንኳ አይጎድልም። ጥቂት ፍሪጅ ውስጥ ካጠነከረችው በኋላ በምላጭ ስትቆርጠው እያንዳንዱ ቁራጭ ያንኑ አበባ ይዞ ይወጣል። በዶቃው ላይ ለጥፋ 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ታበስለዋለች። (ማሳረር ግን አይበጅም፤ ጭሱ መርዝ ነው።)

ፕላቶ፣ የግዕዙ መጻሕፍት አፍላጦን የሚሉት፣ በ«ሪፐብሊክ» ዐሥረኛ መጽሐፍ ሦስት አልጋዎች ይቆጥራል፤ የአምላክ፣ የአናጢና የሠዓሊ። ሠዓሊው ከእውነት በሦስተኛ ደረጃ ርቋል ይለናል። እስቲ ይህን መሰላል ዘንጉ ላይ እናቁመው። ዋናው አበባ የትኛው ነው? የመጀመሪያው ቁራጭ ከአርባኛው አይበልጥም። ሳይቆረጥ ደግሞ ማንም አያየውም። ቁራጮቹ የዘንጉ ሥጋ እንጂ የዘንጉ ሥዕል አይደሉም፤ እንግዲህ እዚህ ቤት ዋና የለም፣ ቅጂም የለም።

«ይሁን፤ ፕላስቲኩ ግን መስታወቱን ይቀዳል» አለኝ አንድ የዶርሚተሪ ጓደኛዬ። እውነት ነው። ግን መስታወት ራሱ ስንት ዘመን የከበረ ድንጋይ መስሎ ሲሠራ ኖሯል! የማስመሰል ሰንሰለት መጀመሪያው የት እንደሆነ ማን ያሳየኛል?

በበኩሌ ውሸቱን ከዶቃው ፊት ላይ አልፈልገውም። የቬኒስ ዶቃ በመርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄዶ በወርቅ፣ በዝሆን ጥርስ፣ በሰው ልጅ ሳይቀር ተለውጧል። አፍሪካውያን በብልጭልጭ ተሞኙ የሚል ተረት እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ስድብ ነው። ገዢዎቹ መራጮች ነበሩ፤ ያላሻቸውን ቀለም ይመልሱ ነበር፤ ነጋዴዎቹም የናሙና ካርድ እያዘጋጁ እንደየአገሩ ምርጫ ያስመርቱ ነበር። ዶቃው መስታወትነቱን አልደበቀም። ወንጀሉ ያለው በሚዛኑ በሌላው በኩል፣ ሰው ዕቃ ሆኖ የተቀመጠበት ላይ ነው።

ታዲያ ዛሬ የፕላስቲኩን ዶቃ «ከጣልያን የመጣ፣ የጥንት ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፤ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው ዝም የሚለው ነው። ገዢዋ መስታወት መስሏት ስትደሰት እያየ አፉን የሚዘጋስ? ጓደኛዬ «ትልልቆቹ ፋብሪካዎች መች ተናገሩና ነው ድሃይቱ እንድትናዘዝ የምትጠይቃት!» አለኝ። ክርክሩ ይከብዳል፤ ግማሹን እቀበለዋለሁ። ዳሩ ግን ዋጋም ይናገራል እኮ። የመስታወት ዋጋ ከጠየቀች አፏን ባትከፍትም መስታወት ነው ብላለች። የጉልበቷን ከጠየቀች ምንም አልዋሸችም፤ ዘንግ ስትስብ ያመሸችበት ጉልበት የማንም ቅጂ አይደለምና።

አንድ ነገር ቀርቷል። የዘንጉ ሁለት ጫፎች ሲሳቡ ይጣመማሉ፤ አበባው እዚያ አይወጣም። ሠሪዋ አትጥላቸውም፤ አንድ ላይ አሽታ፣ ጭቃ መልክ ሲይዙ አድቦልቡላ የዶቃው ሆድ ታደርጋቸዋለች፤ አበባው ከላይ ይለጠፋል። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ሆዱንም ትንገረን እንጂ!»

አይመስለኝም አልኩት፤ እንጀራ የሚሸጥልን ሰው አብሲቱን አያሳየንም።

«በጤፍ ስም ሌላ ዱቄት ቢቀላቅልስ?»

ያ ሌላ ነው፤ እዚያ የምገዛው ጤፉን ነው፣ እዚህ ግን አበባውን።