መጀመሪያ የማን ልጅ ትግባ?

በአሜሪካ አዲስ የፋርማሲ ኮሌጅ ሙሉ ዕውቅና የሚሰጠው የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ካስመረቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ደረጃ «ዕጩ» ይባላል። እንግዲህ አንዱ ቀድሞ መግባቱ የግድ ነው። የማን ልጅ? ሜሪላንድ ያለችው የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብትለኝ አፌ ላይ የመጣው «የሌላ ሰው ልጅ ትሞክረው» የሚል ነበር። ዘመድ ሲሆን ፍልስፍና ይጠፋል።

በሰላም ካለቀ ምሩቋ ከሌላው እኩል ለፈቃድ ፈተና ትቀመጣለች። ዕጩነቱ መሀል ላይ ቢነጠቅስ? ኮሌጁ ገንዘብ ይከስራል፤ እሷ የተማረችባቸውን ዓመታት፣ ከነብድሩ። አደጋ መኖሩ አያናድደኝም፤ የትኛውም የተከበረ ትምህርት ቤት አንድ ወቅት ምሩቅ አልነበረውም። የሚያናድደኝ ከባዱ ሸክም በተማሪዋ ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው። ያለ እሷ ዕውቅናው የለማ! እንግዲያው ኮሌጁ «በቅርቡ ይመጣል» ከሚላት፣ ቢወድቅ የት እንደሚያዛውራት፣ ስንት እንደሚመልስላት አስቀድሞ ይፈርምላት።