ደቻቱን ስንሻገር

ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ልጆችን ይዞ ከከዚራ ወደ መጋላ መሻገር የብዙ ቤተሰብ ልማድ ነው። ልጆች በደረቁ የደቻቱ አሸዋ ሲቦርቁ፣ ወላጆች በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊት የወረደውን ጎርፍ ያስታውሳሉ። ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል። «እግዚአብሔር የቀጣቸው ስለ ኃጢአታቸው ነውን?» ብሎ ልጅ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን?

ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር (ሉቃ. 13፡4)፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቷል፤ ለንስሐ የጠራው ግን በሕይወት ያሉትን ሰሚዎች ነው። እንግዲህ በሙታን ላይ መፍረድ አልተፈቀደልንም። ጎርፉ ክርስቲያኑን ከሙስሊሙ አልለየም፤ እኛስ ስለ ምን እንለያለን? ለእኛ የቀረልን ጥያቄ ሌላ ነው፤ በወንዙ ዳር የሚኖረውን ጎረቤት እናውቀዋለንን? ክረምት ሲገባስ ደጁን እናንኳኳለንን?

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ልጆቻችን በአሸዋው ላይ ይጫወቱ፤ ደስታቸው በደል አይደለም። ስንሻገር ግን ጥቂት ቆመን ስለ ሞቱት እንጸልይ፤ ማዶ ስንደርስም ወንድማችንን በስሙ ጠርተን ሰላም እንበለው።