ዘር ከልጓም ይስባልን?

አበው «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ቃል በሀገራችን እንደ ፍርድ ጸንቶ ይኖራል። የደግ ሰው ልጅ ደግ ሲሆን ለምስጋና ይጠቀሳል፤ የነፍሰ ገዳይ ልጅ ሲቈጣ ግን ለኵነኔ ይጠቀሳል። ለጋብቻ ዘር ሲቈጠር የሚመረመረው የሥጋ ዝምድና ብቻ አይደለም፤ በወገኑ ወንበዴ ወይም ደም አፍሳሽ ነበረን ተብሎም ይጠየቃል። ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ወስዶ ለማሳደግ ያሰበ ሰውም «አባቱ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» እያለ ያመነታል። ጥያቄው በመጨረሻ ከንስሐ አባት ዘንድ ይደርሳልና ካህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ጥያቄውም ይህ ነው፤ ክፋት እንደ መልክና እንደ ቁመት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነውን? የሚወርድስ ከሆነ ዳኛ ወንጀለኛውን በምን ፍትሕ ይቀጣዋል? ካህንስ ኀጢአተኛውን በምን ይወቅሰዋል? ሰው ባልመረጠው ነገር ሊጠየቅ አይገባምና።

በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ተሳስተዋል። የመጀመሪያዎቹ ዘር ሁሉን ይወስናል የሚሉ ናቸው። የኢጣልያው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፥ እርሱም በራስ ቅሉና በፊቱ ቅርጽ ይታወቃል ብሎ አስተማረ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ወደ 3,000 የሚሆኑ እስረኞችን ለክቶና መዝኖ በ1913 ባወጣው ጥናት ይህን ትምህርት አፈረሰው። ሆኖም ክፉ ዘር ይቈረጥ የሚለው አሳብ በሌላ በር ገብቶ ሕግ ሆነ። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1927 አእምሮአቸው ደካማ ነው የተባሉትን ያለ ፈቃዳቸው ማምከን የተፈቀደ ነው ብሎ ፈረደ፤ በጀርመንም በ1933 በወጣው ሕግ ወደ 400,000 የሚሆኑ ሰዎች እንዳይወልዱ ተደረጉ። ዘርን ዳኛ አድርጎ መሾም ፍጻሜው ይህ ነው።

የሁለተኛዎቹ ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰው ሲወለድ ምንም እንዳልተጻፈበት ብራና ነው፥ ጠባዩን የሚጽፍበት አሳዳጊው ብቻ ነው ይላሉ። ነገር ግን ከአንድ ማኅፀን ወጥተው፥ ከአንድ ማዕድ በልተው ካደጉት ወንድማማቾች አንዱ ገር ሁለተኛው ቍጡ ሲሆን ያላየ ማን ነው? ሊቃውንቶቻችንም የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት የተገኘ መሆኑን ሲያስተምሩ፥ የጠባይ መለያየት ከሥጋም እንደሚመጣ መናገራቸው ነው።

የዛሬው ምርመራ ከሁለቱም ስሕተት ያወጣናል። በሆላንድ ሀገር በናይሜኸን ከተማ ሐኪሙ ሃን ብሩነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ አንድ ቤተሰብ ያገኙትን አሳተሙ። ከዚያ ቤተሰብ ብዙ ወንዶች አእምሮአቸው የዘገየ፥ ቍጣቸው ከምክንያቱ እጅግ የበለጠ ነበረ፤ አንዳንዱ እሳት ለኵሷል፥ አንዳንዱም ሴት ለመድፈር ሞክሯል። ሴቶቹ ግን ጤነኞች ነበሩ። ምክንያቱ ሲመረመር፥ ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ዘረ መል ተበላሽቶ ተገኘ። የዚህ ዘረ መል ሥራ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ ኤ የተባለውን ኤንዛይም ማስገኘት ነው፤ ይህም ኤንዛይም በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱትን እንደ ሴሮቶኒን ያሉትን ቅመሞች ያፈርሳል። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት የአንዱን ጉድለት ሁለተኛው ይሞላላታል፤ ወንድ ግን አንድ ብቻ ስላለው ጉድለቱ ይገለጥበታል። እንዲህ ያለው ፍጹም ብልሽት ግን በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት በሆኑ ቤተሰቦች ብቻ የተገኘ ነው።

ስለ ብዙው ሰው የሚናገረው ሌላ ምርመራ ነው። በዴንማርክ ሳርኖፍ ሜድኒክና ባልደረቦቹ በ1984 ባወጡት ጥናት፥ በሌላ ሰው ቤት በማደጎ ያደጉ ከ14,000 የሚበልጡ ልጆችን የፍርድ መዝገብ መረመሩ። ከወንዶቹ መካከል ወላጆቻቸውም አሳዳጊዎቻቸውም ያልተፈረደባቸው ልጆች ከመቶ 13.5 ያህሉ ተፈርዶባቸዋል፤ ወላጅ ብቻ የተፈረደበት እንደ ሆነ ከመቶ 20፤ ወላጅም አሳዳጊም የተፈረደባቸው እንደ ሆነ ከመቶ 24.5 ሆነ። ዝምድናው የታየውም በስርቆትና ይህን በመሰለ የንብረት ወንጀል ነው እንጂ ደም በማፍሰስ አይደለም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቍጥሩን ከሁለት ወገን ተመልከተው። ዘር ምንም አያደርግም የሚለው ከ13.5 ወደ 20 መውጣቱን ይይ፤ ዘር ሁሉን ያደርጋል የሚለውም ከመቶው የወንጀለኛ ልጆች 80ው አለመፈረዳቸውን ይይ።

ሦስተኛው ምርመራ ከሁሉ የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በኒው ዚላንድ በደኒዲን ከተማ በ1972ና በ1973 የተወለዱ ሕፃናት እስከ ጕልምስና ድረስ ተከትለው ተመረመሩ። አቭሻሎም ካስፒና ባልደረቦቹ በ2002 ስለ 442 ወንዶች እንዳስታወቁት፥ 163ቱ የዚያ ኤንዛይም ሥራ በተፈጥሮ ዝቅ ያለባቸው ነበሩ። ከእነዚህም በልጅነታቸው ግፍና ድብደባ የደረሰባቸው ከጠቅላላው ከመቶ 12 ብቻ ሲሆኑ፥ በኀይል ሥራ ከተሰጠው ፍርድ ግን ከመቶ 44ቱን ተሸክመው ተገኙ። ያንኑ ዘረ መል ይዘው በደግነት ያደጉት ከሌላው ሰው የከፉ አልሆኑም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም፤ ተጠቃለው ሲመዘኑ ግን በወንዶች ዘንድ ይህንኑ ይደግፋሉ።

ከዚህ የምንረዳው ሰው ዝንባሌን እንጂ ሥራን እንደማይወርስ ነው። ምሳሌውም ራሱ ልጓም መኖሩን ይመሰክራል፤ ይስባል አለ እንጂ ልጓሙን ይበጥሳል አላለም። ፈረሱን ማንም አልመረጠም፤ ልጓሙን መያዝ ግን የጋላቢው ፈንታ ነው። ግዕዛን፥ ማለት የነፃ ፈቃድ ሥልጣን፥ የሚታወቀውም ዝንባሌ በሌለበት ሳይሆን ዝንባሌ በሚስብበት ቦታ ነው። ቍጣ የማይፈትነው ሰው ባለመግደሉ ምን ምስጋና አለው?

«ልጓሙን የሚይዘው እጅ ራሱ የታመመ እንደ ሆነስ?» የሚል ሰው እውነተኛ ጥያቄ ጠየቀ። ስለዚህም የሀገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48 ፍጹም ኀላፊነት የሌለውን፥ በአንቀጽ 49 ኀላፊነቱ በከፊል የጎደለውን ለይቶ ያያል። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኢጣልያ የትሪየስቴ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2009 አንድ ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት 9 ዓመት ከ2 ወር እስራት አንድ ዓመት ሲቀንስለት፥ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ዝቅ ያለ ዘረ መል ነበረ። ከ442 ሰዎች በ163ቱ የሚገኝ ነገር ግን ብቻውን ምሕረት ሊያሰጥ እንዴት ይችላል? ደግሞም ዛሬ ዘሩ ነው ብሎ የሚምር ዳኛ፥ ነገ ዘሩ ነውና አይመለስም ብሎ በእስር ቤት ሊያስረጀው ይችላል። ኀላፊነትን ከሰው መውሰድ የምሕረት መልክ ይኑረው እንጂ የመመለስን ተስፋ አብሮ ይወስዳል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ በአባቱ ኀጢአት እንዳይጠየቅ በግልጥ አስተምሯል። ስለዚህ ካህን ሆይ፥ የነፍሰ ገዳይን ልጅ ለማሳደግ ያመነታ ሰው ወደ አንተ ሲመጣ አበረታታው፤ ደም መላሽም በልጁ ላይ እንዳይነሣ ገሥጽ። «አባቱን ወጣ፥ ክፉ ዘሩ ሳይነሣበት በዱላ ላውጣለት» የሚለውን አባት ግን ከሁሉ ይልቅ ተቈጣው። እርሱ በልጁ ዘር ውስጥ የፈራውን እሳት የሚያራግበው በገዛ እጁ ነውና። ዘሩን ሊለውጠው አይችልም፤ ዱላውን መጣል ግን ይችላል።