ትርጉሙ ከአበባው ነው ወይስ ከሰጪው?



አበባ አፍ የለውም። ታዲያ «ይህ ፍቅር ነው፤ ያ ሐዘን ነው» የምንለው ትርጉም ከወዴት ይመጣል? ጥያቄውን ካርኔሽን በሚባለው፣ የአበባ ቅጠሎቹ ጫፍ እንደ መጋዝ ጥርስ በሆነው አበባ ታሪክ እንመርምረው።

በአሜሪካ ግራፍተን በምትባል ከተማ አን ጃርቪስ የተባሉ እናት ለብዙ ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረው እ.ኤ.አ. በ1905 ዐረፉ። ልጃቸው አና በ1908 እናቷ ወዳስተማሩበት ቤተ ክርስቲያን 500 ነጭ ካርኔሽኖች ላከች፤ እናቷ የሚወዱት አበባ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ነጩ ለሞተች እናት፣ ቀዩ በሕይወት ላለች እናት ምልክት ሆነ። በ1914 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የእናቶችን ቀን በአዋጅ አጸኑት።

ነገር ግን ነጋዴዎች የአበባውን ዋጋ አናሩት። አና እጅግ አዘነች፤ የቀረ ዘመኗንም ይህን ንግድ ስትቃወም ኖረች። በ1925 ካርኔሽን እየሸጠ ገንዘብ ያሰባስብ በነበረ የእናቶች ማኅበር ስብሰባ ገብታ ስትቃወም እስከ መታሰር ደረሰች።

እውን የተሸጠ አበባ ትርጉሙን ያጣልን? እኔ አይመስለኝም። በ1974 በፖርቱጋል ወታደሮች አምባገነኑን መንግሥት ሊጥሉ ሊዝበን ሲገቡ፣ ሴሌስተ ካኤሮ የተባለች የምግብ ቤት ሠራተኛ ለደንበኞች የተገዙ ካርኔሽኖች ይዛ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አንድ ወታደር ሲጋራ ቢለምናት የላትምና አበባ ሰጠችው፤ እርሱም በጠመንጃው አፈሙዝ ሰካው። ሌሎችም ተከተሉት። አብዮቱም በዚያ አበባ ስም ተጠራ። ለገበያ የተገዛው አበባ የሰላም ምልክት የሆነው ሴትዮዋ በእጇ ያለውን ከልቧ ስለ ሰጠች ነው።

እንግዲህ ምልክትን ባዶ የሚያደርገው ዋጋው አይደለም፤ የሰጪው ልብ አለመኖር ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን ወቀስሁ። በየበዓሉ ለእናቴ ጥቂት ብር እልክና «ደርሶኛል» ስትለኝ የልጅነት ግዴታዬን የፈጸምሁ ይመስለኛል። ሁለት ፋሲካ አለፈ፤ ፊቷን አላየሁም። ብሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እኔ ግን በእግሬ ፋንታ ልኬዋለሁ።

ወገኖቼ፣ በአንገታችን የምናስረው መስቀል፣ በሰንበት የምንለብሰው ነጭ ነጠላም እንዲሁ ነው። ከምልክቱ ኋላ እኛ አለን? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ። እኔ በሚመጣው ዕረፍት፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ አገር ቤት እሄዳለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።